እንግዳው ማን ነው? በፖሊኔዥያ ባሕር ላይ ስለሚያልፉ የመርከብ ምሽቶች

የተከበራችሁ እንግዶች፣ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤

ዛሬ ልናገር የመጣሁት በደቡብ ፓስፊክ ውቅያኖስ ባሉት በፈረንሳይ ፖሊኔዥያ ደሴቶች መካከል በሚመላለሱ ትናንሽ የሽርሽር መርከቦች ላይ፣ ከእራት በኋላ ስለሚቀርበው የምሽት ዝግጅት ነው። ውዝዋዜ አስተማሪ እንደመሆኔ ወደዚያ የሄድኩት የደሴቶቹን ጭፈራ በዓይኔ ለማየት ነበር፤ በመርከብ መጓዝን የመረጥኩትም በጥቂት ቀናት ውስጥ ብዙ ደሴት ለማዳረስ ስለሚያመች ነው። ስመለስ ግን ከጭፈራው እኩል አንድ ጥያቄ ይዞኝ ተመለሰ፤ ይህ ጭፈራ በመርከብ ላይ ሲቀርብ ጋባዡ ማን ነው፣ እንግዳውስ ማን ነው? ዓመቶቹን በሙሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ግን በእኛ አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ ላሳውቃችሁ።

ከደሴቶቹ ትልቋ ታሂቲ ከምድር ወገብ በስተደቡብ 17 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ትገኛለች። በዚህ ምክንያት ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ 12 ሰዓት ከ45 ግድም ባለው ጊዜ ትጠልቃለች፤ እንደ እኛው አገር ድንግዝግዙ ሳይቆይ ድቅድቅ ይላል። ከዚያ በኋላ በመርከቧ ላይ ያለው መንገደኛ የሚሄድበት መንገድ፣ ብቅ የሚልበት ጎረቤት፣ የሚቀመጥበት ሻይ ቤት የለውም። ሁለት ወይም ሦስት መቶ ሰው በአንድ ብረት ላይ፣ ዙሪያውን ጥቁር ውኃ ከብቦት ረጅም ምሽት ይጠብቀዋል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው የሚጭኑት ግዙፍ መርከቦች ለዚህ ሰዓት ቲያትር ቤት፣ ሲኒማ፣ የቁማር አዳራሽ፣ አንዳንዶቹም የበረዶ መንሸራተቻ ሳይቀር አዘጋጅተዋል። ትንሿ መርከብ ያላት ጣሪያው ዝቅ ያለ አንድ ሳሎንና በመዋኛ ገንዳው ዙሪያ ያለ ክፍት ሰገነት ነው። የምናገርለት የምሽት ዝግጅት መልካምነት ግን ከዚህ ጥበት የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

መርከቦቹ ትንሽ የሆኑት እንዲሁ አይደለም። ከፍ ያሉት ደሴቶች አብዛኞቹ በኮራል አጥር የተከበቡ ናቸው፤ በአጥሩና በደሴቱ መካከል ላጉን የሚባለው የረጋ ውኃ አለ፣ ወደዚያ የሚገባውም በአጥሩ ላይ በተከፈተ በር ነው። ቦራ ቦራ የምትባለው ደሴት መርከብ የሚያስገባ አንድ በር ብቻ ነው ያላት። በ1997 በፈረንሳይ አገር በሴን ናዜር የተሠራችው ፖል ጎጋን የምትባለው መርከብ 330 ያህል መንገደኞች ትይዛለች፤ ውኃ ውስጥ የሚጠልቀው አካሏ ከ5 ሜትር ብዙም አያልፍም። አራኑይ 5 የምትባለው ደግሞ ግማሽ ጎኗ የጭነት፣ ግማሽ ጎኗ የመንገደኛ መርከብ ናት፤ ከ2015 መጨረሻ ጀምሮ 250 ያህል ሰው ይዛ ከታሂቲ ዋና ከተማ ከፓፔቴ እስከ ማርኬሳስ ደሴቶች ትመላለሳለች። ላጉን ውስጥ ገብታ መልሕቅ የጣለች መርከብ አትናወጥም፤ የመንደሩ መብራት ይታያል፣ የዶሮ ጩኸት ይሰማል፤ ከመንደሩ የሚመጡ ሰዎችም በትንሽ ጀልባ በደቂቃዎች ውስጥ ይደርሳሉ። በዚህ የተነሣ ከየብስ የሚመጡት የጭፈራ ቡድኖች የሚቀርቡት መርከቧ በቆመችባቸው ምሽቶች ነው፤ በጉዞ ምሽት ግን የሚዘፍነውና የሚጫወተው የመርከቧ የራሷ ሰው ነው። የምሽቱን ዝግጅት ከሁሉ አስቀድሞ የሚወስነው የባሕሩ ካርታ ነው ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልግባ። በእነዚህ ደሴቶች መዝናኛ በጀልባ መጓዝ የጀመረው የሽርሽር መርከብ ከመምጣቱ እጅግ አስቀድሞ ነው። በጥንቱ ዘመን አሪኦይ የሚባል፣ ወንዶችም ሴቶችም ያሉበት ማኅበር ነበር። አባላቱ ኦሮ ለተባለው አምላክ የተሰጡ ናቸው፤ የአምልኮው ዋና ስፍራም በራይአቴአ ደሴት ያለው የታፑታፑአቴአ መቅደስ ነበር፤ ይህ ስፍራ በ2017 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። አሪኦዮቹ በታንኳ ከደሴት ደሴት እየዞሩ ይጨፍሩ፣ ይዘፍኑ፣ ድራማ ይሠሩ ነበር፤ በድራማቸውም ባላባቶችን ሳይቀር ይተቹ ነበር። ከእንግሊዛዊው መርከበኛ ከካፒቴን ኩክ ጋር ሁለተኛውን ጉዞ ያደረጉት ተመራማሪዎች ፎርስተሮች፣ አባትና ልጅ፣ በ1774 ከሁአሂኔ ደሴት ወደ ራይአቴአ ስለተነሡ 70 ያህል ታንኳዎች ጽፈዋል፤ በታንኳዎቹ ላይ የነበሩት አሪኦዮች ከ700 በላይ ነበሩ። ይህን በዓይነ ኅሊናችሁ ተመልከቱት፤ ሰባት መቶ አዝማሪና ጨፋሪ በአንድ ጠዋት ባሕር ሲያቋርጥ! ማኅበሩ አባላቱ ልጅ እንዳያሳድጉ የሚያስገድድ፣ ጨቅላን እስከ መግደል የሚደርስ ጨካኝ ሥርዓት እንደነበረውም መሸሸግ አይገባም። ለዛሬው ጉዳያችን የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ በዚያ ዘመን በጀልባ የሚመጣው ተጫዋቹ ነበር፣ ባለ አገሩ በየብስ ተቀምጦ ይጠብቀዋል፣ ያበላዋል፣ ያስተኛዋል።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በጀልባ የሚመጣው ተመልካቹ ሆነ፤ ተጫዋቹ ከየብስ ተነሥቶ ወደ ተመልካቹ ይወጣል። ተመልካቹም ትኬት ስለገዛ፣ ወንበሩም ጠረጴዛውም ስለሚታወቅ፣ ቤቱ የእሱ ይመስለዋል፤ ጭፈራው ወደ እሱ ቤት የመጣ እንግዳ ይመስለዋል። መርከቧ የተኛችበት ውኃ ግን የሕዝቡ ነው። በየምሽቱ ወንበሬ ላይ ስቀመጥ ራሴን የማስታውሰው ይህንን ነበር፤ የማየውም በዚያው ልክ ይለወጥ ነበር።

ይህ ጭፈራ በሕግ የተከለከለበት ዘመን እንደነበረም ማወቅ ያስፈልጋል። የለንደን ሚሲዮናውያን ታሂቲ የደረሱት በ1797 ነው፤ የታሂቲው ንጉሥ ዳግማዊ ፖማሬ በ1819 ተጠመቀ፣ በዚያ ዘመን በወጡትና በተከተሉት ሕጎች የቀደመው ጭፈራና ንቅሳት ክልክል ሆኑ። ሕዝቡ ድምፁን ወደ መዝሙር አዞረ፤ ዛሬም ድረስ ሂሜኔ የሚባለው የኅብረት ዜማ፣ ስሙ መዝሙር ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የመጣ ቢሆንም፣ የድምፁ አካሄድ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነው። ጭፈራው ግን በስውርና በጓዳ ቆየ። ፈረንሳይ በ1880 ደሴቶቹን ጠቅልላ ከያዘች በኋላ፣ ከ1881 ጀምሮ በጁላይ ወር በሚከበረው በዓል ላይ ቀስ በቀስ ብቅ አለ፤ ይህ በዓል ከ1985 ወዲህ ሄይቫ ይባላል። በመካከሉ ያለችውን አንዲት ሴት ሳልጠራ አላልፍም። ማድሌን ሙአ የተባለች መምህርት በ1956 አንድ የጭፈራ ቡድን አቋቋመች፤ ጨዋ ቤተሰብ ልጁን ለጭፈራ ለመላክ በሚያፍርበት ጊዜ ልጃገረዶችን ሰብስባ፣ ልብሱን አሳምራ፣ አሰላለፉን አስተካክላ ጭፈራውን ከነክብሩ ወደ አደባባይ አወጣችው። ዛሬ በመርከብ ሳሎን ውስጥ የምናየው ኅብረ ትርዒት መልኩን በብዛት ያገኘው ከእሷ ነው። ስለዚህ በሳሎኑ ውስጥ የምትጨፍረው የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ፣ ቅድመ አያቶቿ ቢያደርጉት የሚቀጡበትን ነገር ነው የምታደርገው።

ጭፈራውን ራሱን ጠጋ ብለን እንየው። ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። ኦቴአ የሚባለው በከበሮ ብቻ የሚሄድ ነው፤ ዘፈን የለውም፣ ጥንት የወንዶች ነበር ይባላል። አፓሪማ ግን በእጅ የሚነገር ታሪክ ነው፤ ሪማ ማለት በቋንቋቸው እጅ ነው። በኦቴአ ላይ የሚመታው ቶኤሬ ከግንድ ተፈልፍሎ በጎኑ ስንጥቅ የተደረገለት፣ ቆዳ የሌለው የእንጨት ከበሮ ነው። ድምፁ ደረቅና የሚቆርጥ ነው፤ ጣሪያው ዝቅ ባለ ሳሎን ውስጥ ሦስት ቶኤሬ አንድ ላይ ሲመታ ጠረጴዛ ላይ ያለው ብርጭቆ ይንቀጠቀጣል። ከሥሩ ፓሁ የሚባለው ባለ ቆዳ ከበሮ ይደለቃል፤ ይህ በጥንት ጊዜ በሻርክ ቆዳ ይለበጥ ነበር።

የሴቶቹን እንቅስቃሴ ፋአራፑ ይሉታል፤ ማማሰል ማለት ነው። ወገብ በፍጥነት ይሽከረከራል፤ ከወገብ በላይ ያለው አካል ግን፣ ትከሻውም ጭምር፣ ጸጥ ብሎ ይቆማል። ኃይሉ የሚመጣው ከጉልበት ነው፤ እግር መሬት ላይ ለጥ ብሎ፣ ጉልበት እጥፍ ብሎ። ከወገባቸው በታች የሚታጠቁት ሞሬ ከፑራኡ ዛፍ ልጥ የተሠራ ነው፤ ጭፈራው ያልደረሰበትን ቦታ ሁሉ የልጡ ጫፍ ይደርስበታል። የወንዶቹ እንቅስቃሴ ፓኦቲ ይባላል፤ መቀስ ማለት ነው፣ ጉልበቶቻቸውም እንደ መቀስ ይከፈታሉ፣ ይዘጋሉ።

ከዝግጅቱ በኋላ እንደ ልማዱ ከተመልካቹ መካከል ሰው ያነሣሉ። ቦራ ቦራ ላይ በቆምንበት ምሽት እኔንም አንዲት እናት፣ የቡድኑ መሪ፣ እጄን ይዛ አስነሣችኝ። ከበሮው ሲጀምር መጀመሪያ የተነሣው ትከሻዬ ነው፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ከበሮ ሲመታ የሚነሣው እሱ ነውና። ሴትየዋ ጨዋታውን አላቋረጠችም። ሁለት እጆቿን በሁለቱ ትከሻዎቼ ላይ አሳርፋ ጫን አደረገቻቸው፤ ከዚያ በእግሯ ጫፍ ጉልበቴን ነካ አድርጋ እጠፈው አለችኝ በምልክት። ሃያ ዓመት ሳስተምር አካል አገር እንዳለው እናገር ነበር፤ በሁለት መዳፍ ሥር ሆኜ ያየሁት ግን ያኔ ነው። መድረክ ከወለል አንድ ሜትር ከፍ ባለበት ሺህ ሰው በሚይዝ ቲያትር ውስጥ ይህች እናት እኔ ጋር አትደርስም ነበር።

በጉዞ ምሽቶች ላይ የሚሆነውን ልንገራችሁ። በፖል ጎጋን ላይ ጎጊን የሚባሉ የታሂቲ ወጣቶች አሉ፤ የመርከቧ አስተናጋጆች ናቸው፣ ቀን ዘንባባ መጎንጎንና ፓሬኡ መታጠቅ ያስተምራሉ፣ ማታ ኡኩሌሌ የሚባለውን ትንሽ ባለ አውታር መሣሪያ ይዘው ይዘፍናሉ። ፓሬኡ አንድ ቁራጭ አራት ማዕዘን ጨርቅ ነው፤ ነጠላ የምትለብስ ሴት የአለባበሱን ነገር ወዲያው ትረዳዋለች። ቲያሬ የተባለችውን ነጭ አበባ በጆሮ ላይ ስለ መሰካትም ያስተምራሉ፤ በግራ ጆሮ ላይ ከሆነ ልቡ የተያዘ፣ በቀኝ ከሆነ ያልተያዘ ማለት ነው።

እኔን ከሁሉ ይበልጥ የሚማርከኝ ግን የአራኑይ ነው። ስሟ ታላቁ መንገድ ማለት ነው። ወደ ማርኬሳስ ሲሚንቶ፣ ነዳጅ፣ ሩዝ፣ መኪና ትጭናለች፤ ስትመለስ ኮፕራ፣ ማለትም የደረቀ የኮኮናት ሥጋ፣ በጆንያ ይዛ ትመጣለች። ባሕረኞቹ የደሴቶቹ ተወላጆች ናቸው። ጠዋት ክሬኑን ሲያንቀሳቅስ፣ ጆንያ ሲሸከም ያየኸው፣ ክንዱ በንቅሳት የተሸፈነ ሰው፣ ማታ ገንዳው አጠገብ ተቀምጦ ኡኩሌሌ ይመታል። የታሂቲው ኡኩሌሌ ከአንድ እንጨት የተቀረጸ ነው፤ ድምፁ የሚወጣበት ቀዳዳ በጀርባው በኩል ነው፣ ስምንት አውታሮቹም ከዓሣ ማጥመጃ ናይለን ክር ናቸው። መሣሪያው በዘሩ ከሩቅ የመጣ ነው፤ በ1879 የፖርቱጋል ደሴት የሆነችው የማዴይራ ሰዎች ወደ ሃዋይ ይዘውት በሄዱት ትንሽ ጊታር ይጀምራል። በእነዚህ እጆች ውስጥ ግን የዓሣ አጥማጅ ዕቃ ሆኗል። በእንዲህ ያለው ምሽት ማንም «ትርዒት እየቀረበልኝ ነው» ብሎ አያስብም። ሥራውን የጨረሰ ሰው ይዘፍናል፣ በቦታው የተገኘ ያዳምጣል።

ሁሉም ምሽት እንዲህ አልነበረም። በሌላ ጉዞ፣ ስሟን በማልጠራት መርከብ ላይ፣ ከአንድ መንደር ሕፃናትና እናቶች ሊጨፍሩ መጡ። ልጆቹ አበባቸውን ደፍተው፣ ቀይና ቢጫ ልብሳቸውን ለብሰው፣ በኮሪደሩ ግድግዳ ሥር ተደርድረው ቆሙ። እራቱ ዘገየ። የምሽቱ መርሐ ግብር ደግሞ ሰዓቱን ጠብቆ እንዲያልቅ ተወስኖ ነበርና ሲገቡ ገሚሱ ተመልካች ጣፋጩን እየበላ ነበር፤ አስተባባሪው ጊዜውን ከእነሱ ላይ ቆረጠ። ከበሮ መቺዎቹ ቶኤሬያቸውን ይዘው መጥተው ሳለ፣ የድምፅ ማስተካከያው ጊዜ ይወስዳል ተብሎ ጭፈራው በተቀዳ ሙዚቃ እንዲሄድ ተደረገ። አንዲት የስምንት ዓመት ያህል ልጅ በጨፈረች ቁጥር ወደ ኋላ እየዞረች ትመለከት ነበር፤ የምትፈልገው ከበሮ መቺውን ነው። በዚህ ጭፈራ ጨፋሪውና ከበሮ መቺው ይጠባበቃሉ፤ መሪው እንቅስቃሴ ሊለውጥ ሲል ከበሮው በአንድ ምት ያስታውቃል፤ ተቀድቶ በተዘጋ ድምፅ ውስጥ ግን የሚጠብቃት ሰው አልነበረም። መቺዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው በር ላይ ቆመው ጨረሱ። ተመልካቹ አጨበጨበ። እኔ አፈርኩ፤ ዛሬም ሳስበው አፍራለሁ።

ከእናንተ መካከል በመርከብ፣ በሆቴልና በመስተንግዶ ሥራ ላይ ያላችሁ ብዙዎች እንደሆናችሁ አውቃለሁና በግልጽ ልናገር። የምሽቱ ዝግጅት ከእራቱ የሚተርፍ ሰዓት መሙያ ሆኖ ሲታሰብ እንዲህ ይሆናል። ከየብስ የሚመጣ ቡድን ከመጣ፣ ሰዓቱን የሚወስነው ቡድኑ መሆን አለበት፤ ከበሮው ከመጣ ከበሮው መመታት አለበት፤ ክፍያውም ለከተማ ባለሙያ የሚከፈለው ያህል መሆን አለበት፤ ሕፃናቱም በኮሪደር ሳይሆን በወንበር ላይ፣ ውኃና ምግብ ቀርቦላቸው መጠበቅ አለባቸው። በሄይቫ በዓል ላይ ከመቶ በላይ ጨፋሪ ያለው ቡድን ከወራት ልምምድ በኋላ ይሰለፋል፤ ወደ መርከብ የሚመጡት አሥር ወይም አሥራ አምስት ሰዎች የዚያ ቅንጣት መሆናቸውንም መንገደኛው በሁለት ዓረፍተ ነገር ቢነገረው አይሰለችም። ከእኔ ጠረጴዛ የነበሩ ሽማግሌ ባልና ሚስት ሲነገራቸው ሹካቸውን አስቀምጠው ነው ያዳመጡት።

ስለ ሌላ ዓይነት ምሽትም ልጨምር፤ ምንም ዝግጅት ስለሌለው ምሽት። ከታሂቲ ወደ ማርኬሳስ 1,400 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ የሰገነቱን መብራት የሚያጠፋ ካፒቴን ሲገኝ፣ ከእሱ የሚበልጥ መዝናኛ የለም። የደቡብ መስቀል የሚባሉት ከዋክብት ይወጣሉ። በወራቸው ደግሞ ሰባቱ ከዋክብት ብለን የምንጠራው ዘለላ ይታያል፤ እነሱ ማታሪኢ ይሉታል፣ የምግብ ወቅት መግቢያና መውጫውን የሚቆጥሩትም በእሱ ነው። ሲሪየስ የተባለው ደማቁ ኮከብ በታሂቲ ሰማይ ላይ ሲያልፍ በቀጥታ ከራስ በላይ ሊባል በሚችል ቦታ ነው፤ የጥንት ባሕረኛ ኮከቡ ከራሱ በላይ ሲደርስ ወደየትኛው ደሴት እንደተጠጋ ያውቅ ነበር።

ይህ እውቀት ከዘፈኑና ከጭፈራው የተለየ አልነበረም። በ1769 ታሂቲ ላይ ወደ ኩክ መርከብ የወጣው የራይአቴአ ተወላጅ ቱፓያ፣ ካህንም፣ መርከብ መሪም፣ አሪኦይም ነበር፤ ከ70 በላይ ደሴቶች የተጠቀሱበት ካርታ ከእሱ አንደበት ተወስዷል። ወደ አገሩ ሳይመለስ በ1770 በባታቪያ፣ በዛሬዋ ጃካርታ፣ ሞተ። ከ200 ዓመታት በኋላ፣ በ1976፣ ሆኩሌአ የተባለችው ባለ ሁለት አካል ታንኳ ያለ ኮምፓስና ያለ ሌላ መሣሪያ ከሃዋይ ተነሥታ ታሂቲ ገባች፤ መሪዋ ማኡ ፒያይሉግ የሚባል፣ በማይክሮኔዥያ ያለችው የሳታዋል ደሴት ሰው ነበር። ፓፔቴ ወደብ ላይ ሊቀበላት የወጣው ሕዝብ 17,000 ያህል ነበር፤ ልጆች ተረባርበው ሲወጡባት የኋላ ጫፏ በክብደታቸው ወደ ውኃ ሰጠመ ይባላል። በጨለማ ሰገነት ላይ ይህን ታሪክ የነገረን አንድ የመርከቧ ሠራተኛ ነበር፤ አባቱ ያን ቀን ወደብ ላይ እንደነበር ነግሮናል። ድምፅ ማጉያ አልያዘም፤ እያንዳንዱን ኮከብ በጣቱ እየጠቆመ፣ ስሙን በቋንቋው ይጠራና እስክንደግመው ይጠብቅ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ቦራ ቦራ ልመልሳችሁ፤ ትከሻዬን ጫን ወዳደረገችው እናት ምሽት። ዝግጅቱ ሲያልቅ ሰዉ ወደ ቡና ቤቱ ሄደ፣ እኔ ወደ ታችኛው ደረጃ ወረድኩ፤ ጀልባዋ እዚያ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር። ጨፋሪዎቹ ልብሳቸውን ለውጠዋል፤ ሞሬዎቹ እንዳይጨማደዱ ተጠቅልለው በፕላስቲክ ከረጢት ገብተዋል። አንዲት ልጅ እናቷ ትከሻ ላይ አንቀላፍታለች፣ አበባው ግን ከራሷ አልወረደም። መርከበኞቹ ትልቁን ፓሁ በእጅ በእጅ ተቀባብለው ወደ ጀልባዋ አወረዱት፤ ሴትየዋ ከሁሉ በኋላ ወረደች። ጀልባዋ ስትነሣ ዞር ብላ፣ በመርከቧ ሰፊ በር ላይ ለቆምነው ለሦስታችን፣ ባለ ቤት እንግዳውን ሲሸኝ እንደሚያደርገው፣ «ናና» አለችን፤ ደኅና ሁኑ ማለት ነው። የሞተሩ ድምፅ ወደ መንደሩ መብራት እየራቀ ሄደ፤ ከመካከላቸው አንዱ ቶኤሬውን በጣቱ ቀስ እያለ ሲመታው እስከ ሩቅ ድረስ ይሰማ ነበር።